የቦቴው ሶላሮች

«ጋሼ፣ ይነሱ! እሱ ሶላር ነው!»

ሶላሮቹን የሚሰቅለው ኤሌክትሪሽያን ሮጦ ሲደርስ ግዙፉ ሾፌር ሳሎኑ መሀል ተንበርክኮ፣ በነጭ አንሶላ የተሸፈነውን ነገር በሁለት እጁ አቅፎ «ወይኔ ወንድሜ! ሳልደርስልህ!» እያለ ይነፈርቅ ነበር። እሱም እንደ ሟቹ የነዳጅ ሾፌር ነው፤ መኪናውን ደጅ አቁሞ ከሩቅ መንገድ ገና መግባቱ ነው። ቀና ብሎ አንሶላውን ገለጥ አደረገ። ከሥሩ ጥቁር መስታወት አለ፤ መስታወቱ ላይ ደግሞ በእንባ የራሰ የራሱ ፊት።

«እሱስ?» አለ።

«ትናንት ቀበርነው።»

«ታዲያ ይሄን ማን ገነዘው?»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው የሟች ሚስት ሻሿን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አሏት ከጎኗ ያሉት ሴቶች ጀርባዋን እያሹ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያልመጣላት ሳቅ ነበር።

ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏን ሰፈሩ «ቦቴው» ነበር የሚለው፤ ሃያ ስምንት ዓመት የነዳጅ ቦቴ ነድቷል። ከጉዞ ሲመለስ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት የናፍጣው ሽታ ይገባል። «ከባሌ በፊት ሽታው ይስመኛል» ትል ነበር ለደንበኞቿ፣ ልብስ እየለካች።

አሥራ ሁለቱ ሶላሮች የመጡት እሱ ከመሞቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። የሰፈሩ ወፍጮ ቤት ጣሪያ ላይ እስኪሰቀሉ ብሎ ሳሎን ደረደራቸው። አንሶላውም የሷ ነው፣ ያውም ደህናው።

«አቧራ እንዳይነካቸው ነው» አላት።

«እኔን አቧራ ሲነካኝ አንሶላ አልብሰኸኝ ታውቃለህ?»

ከመጨረሻ ጨዋታዎቻቸው አንዱ ይሄ ነበር። በሦስተኛው ጠዋት ስትቀሰቅሰው አልነቃም።

ነዳጅ የጠላው በመጨረሻው ጉዞው ነው። ለአንዲት ሩቅ ከተማ ጄኔሬተር ናፍጣ ጭኖ ሲሄድ፣ በዚያ ወር ጠብ ብሎ የማያውቅ ዝናብ ወርዶ ድልድዩን ይዞት ሄደ። ስድስት ቀን ወንዝ ዳር ተገተረ። የዚያ አገር ሽማግሌዎች ዝናብ ወቅቱን ከሳተ ዓመታት እንዳለፉት አጫወቱት። ቤቱ ሲገባ ቁጭ ሳይል ጀመረ፦

«ናፍጣ ለማድረስ ናፍጣ አቃጥላለሁ። ያደረስኩትም ይቃጠላል። ጭሱ ዝናቡን ያሳብደዋል፣ ያበደው ዝናብ መንገዱን ይበላዋል፣ እኔ ደግሞ በሌላ መንገድ ዞሬ የባሰ አቃጥላለሁ። ይሄ ሥራ ነው እርግማን?»

«ሰማዩን ያበላሸኸው አንተ ብቻህን ነህ? ራስህን አታግዝፍ። ይልቅ ጫማህን አውልቅ።»

ጫማውን አወለቀ። ሐሳቡን ግን እንደለበሰው ቀረ። ጡረታ በወጣ በወሩ የሚኖርበትን መንገድ ሰው በየቤቱ እየዞረ ሰብስቦ የሶላር ማኅበር አቋቋመ። መጀመሪያ የጤና ጣቢያው መብራት ወደ ፀሐይ ዞረ፣ ቀጥሎ የውሃው ፓምፕ። ሦስተኛው ወፍጮ ቤቱ ነበር፤ ጉድ የፈላው እሱ ላይ ነው።

የባለ ወፍጮዋ ሞተር ካባቷ የወረሰችው ነው። ሲነሳ መንገዱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ስኒ ከመደርደሪያ በገዛ እግሩ ይወርዳል። ቦቴው ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ ወንበር ዘርግቶ፣ ነጭ መሐረብ ገመድ ላይ ያሰጣል። ከሰዓት ሲሆን የጠቆረውን መሐረብ ይዞ «እመቤት፣ ሳንባሽ እንዲህ ነው» ይላታል። አንድ ቀን ብግን ብላ አንድ ሰሃን ዱቄት አናቱ ላይ ገለበጠችበት።

«ምነው በአንድ ቀን ሸበትክ?» አለችው ሚስቱ ሲገባ።

«ድርድሩ ጥሩ እየሄደ ነው» አላት፣ ቅንድቡን እያራገፈ።

«ፈርሜ ልገላገል!» ብላ ባለ ወፍጮዋ የፈረመችው ባለፈው ወር ነው። ማኅበሩ የባልም የሚስትም ፊርማ ስለሚጠይቅ፣ በመንገዱ ካሉት ቤቶች ፊርማው ያልተሟላ አንድ ብቻ ቀረ፦ የሊቀመንበሩ የቦቴው የራሱ ቤት። «እዚህ ቤት አንድ እብድ ይበቃል» ብላ ሚስቱ አሻፈረኝ ብላ ነበር።

ሾፌሩ ሶላሮቹን ባቀፈበት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ባለ ወፍጮዋ ለቅሶ መጣች። አለቀሰች፤ ከልቧ ነበር። ቡና ተቀብላ ሁለት ጊዜ ፉት ካለች በኋላ ወደ ኤሌክትሪሽያኑ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። ሞተር ሥር ያደገ ሰው ግን ማንሾካሾክ አያውቅም። ቤቱ በሙሉ ሰማ።

«የወፍጮውን ነገር እንተወው። እኔ የፈረምኩት ለሱ ነው። ነገ ደመና ቢሆን፣ ነገሩ እምቢ ቢል፣ ማን ደጄ ላይ ይቆምልኛል?»

«እኔ አለሁ አይደል?» አለ ኤሌክትሪሽያኑ።

«አንተማ ስልክ አታነሳም።»

የሟች ታላቅ እህት እንባዋን ጠረገች። «ኧረ ነውር ነው! አፈሩ ሳይደርቅ የወፍጮ ወሬ?»

«እሱ ቢኖር ሌላ ወሬ ያወራ ነበር?» አለ ሾፌሩ።

ሐዘንተኛዋ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ሰው «እግዜር ያጽናሽ» ሲላት ራሷን ከመነቅነቅ በቀር አልተናገረችም። አሁን ተነስታ ቆመች።

«ደመና ሲሆን ያባትሽን ሞተር ታስነሺያለሽ» አለች። «አሳርፊው እንጂ ጣይው አላለሽም። ፀሐይ በወጣ ቀን ለደመናው ቀን ጨምረሽ ትፈጫለሽ። ስንት ጊዜ ነገረሽ?»

«ኧረ ስፍር ቁጥር የለውም።»

«አንቺ ጋ ሲጨርስ እኔ ጋ ይቀጥል ነበር። ራት ስንበላ ጨው አቀብዪኝ ከማለቱ በፊት ስለ ወፍጮሽ ነው የሚያወራው። የኔን ጆሮ እንዲህ ፈጭቶ፣ ያንቺ ወፍጮ ሳይፈጭ ሊቀር?» ድምጿ መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

ባለ ወፍጮዋ አቀረቀረች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በዚያው በትልቁ ድምጿ፣ «ታዲያ አንቺ ራስሽ መች ፈረምሽ?» አለች።

ኤሌክትሪሽያኑ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሾፌሩ ስኒው ውስጥ አቀረቀረ።

«መዝገቡን ስጡኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ኤሌክትሪሽያኑ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። ገለጠችው። የባሏ ስም እንደ መኪና ታርጋ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ ላይ በእርሳስ፣ በትንሹ፣ «ትፈርማለች። ጊዜ ስጧት» ይላል።

ከኤሌክትሪሽያኑ እስክሪብቶ ተቀበለች።

«ምን ዓይነት ደፋር ነው!» አለች። የእርሳሱን ጽሑፍ እንዳትነካ ተጠንቅቃ፣ ከሥሩ ፈረመች።

ቅዳሜ ጠዋት ለቀስተኞቹ ሶላሮቹን ሁለት ሁለት ሆነው ተሸክመው ወጡ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፤ ፊታቸውም ያው የለቅሶ ፊት ነው። ሰልፉ በመንገዱ ሲያልፍ ባለ ሱቆች ተነስተው ቆሙ፣ አንድ ብስክሌተኛ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። የማያውቋቸው አንዲት አሮጊት ሰልፉ ኋላ ገብተው ጥቂት ካለቀሱ በኋላ ሾፌሩን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ማን ነው የሞተው?»

«ናፍጣ» አለ ሾፌሩ፣ በሸክሙ እያለከለከ።

«ነፍስ ይማር። ልጆች ነበሩት?»

ሾፌሩ አሰብ አደረገ። ያቆመው ቦቴ ትዝ አለው። «አንዱ እኔ ነኝ» አለ፣ እየከፋውም እየሳቀም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ኤሌክትሪሽያኑ ማብሪያውን ተጫነ። ባለ ወፍጮዋ ከልማዷ ጆሮዋን ደፈነች። የመጣው ግን ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ የምታሰማው ዓይነት ድምፅ ብቻ ነበር።

«አልተነሳም» አለች።

«ተነስቷል።»

«ስማኝ፣ እኔ ወፍጮ አውቃለሁ፤ አልተነሳም!»

ሲከራከሩ ዱቄቱ ይወርድ ጀመር። ባለ ወፍጮዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች። የተሰበሰበው ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ በሐዘን ቀን ይጨበጨባል አይጨበጨብም የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ ሾፌሩ በእነዚያ ግዙፍ መዳፎቹ ጀመረው፤ ሌላውም ተከተለ።

የመጀመሪያው ስንዴ የልብስ ሰፊዋ ነበር። ባለ ወፍጮዋ ዱቄቱን ከረጢት ውስጥ ሞልታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። እሷም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ከረጢቱን ጉልበቷ ላይ አኖረች፤ ላመ አልላመ ለማየት እጇን ከተት አደረገች። ዱቄቱ ሞቃት ነበር፤ ሰው ገና አሁን የተነሳበት አልጋ የሚሞቀውን ያህል።

«እንሂድ እንጂ፣ ቤት ሰው ይጠብቃል» አለቻት የባሏ እህት።

«እሺ» አለች።

እጇን ግን አላወጣችም። ዱቄቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያው ተቀመጠች።