አማካሪውና አባቴ

ሚስቴ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያናችን የጋብቻ አማካሪ ጋር ቀጠሮ ያዘች። አማካሪው አባቴ ነው።

«አብረን ምሳ በልተን፣ ከዚያ ቀጠሮ?» አልኳት።

«እዚህ የባሌ አባት ናቸው፤ እዚያ አማካሪ ናቸው። ሌላ አማካሪ ካለህ አምጣ።»

ሌላ የለም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ዕድሜውን ለሁለት ነገር ሰጥቷል፤ ለመስታወት ቤታችንና ለሰው ትዳር። የምንኖረው አንድ ላይ፣ የምንሠራውም አንድ ላይ ነው። ትልቁን መስታወት ስንሸከም እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነኝ፤ «ቁም» ሲለኝ እቆማለሁ። ችግሩ፣ እንደ ሚስቴ አባባል፣ መኝታ ቤቴ ገብቼም «ቁም» ወይም «ሂድ» እስክባል መጠበቄ ነው።

የምትፈልገውን አውቃለሁ። ከአባቴ ቤት በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ርቆ ሁለት ክፍል ቤት አግኝታለች። አከራይዋ እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። እኔ ካልሄድኩ ብቻዋን እንደምትገባ ነግራኛለች፤ እሷ ደግሞ ለማስፈራራት የምታወራ ሴት አይደለችም። አባቴን ጥዬ ልሂድ? ሚስቴን በሆዷ ካለው ልጄ ጋር ልጣ? ወላጅን ስለ መተው የሚናገረውንም ስለ ማክበር የሚናገረውንም ቃል በልጅነቴ ያስጠናኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም አባቴ። የትኛው ይቅደም ብዬ እሱን እንዳልጠይቀው፣ ጥያቄው ስለ ራሱ ሆነ። ግራ ገባኝ።

ቅዳሜ አባቴ በቤተ ክርስቲያኑ የምክር ክፍል መነጽሩን አድርጎ፣ ደብተሩን ገልጦ ጠበቀን። ከአንድ ሰዓት በፊት ምሳ ላይ «ጨው አቀብለኝ» ያለኝ ሰው ተነስቶ ጨበጠኝና «እንኳን ደህና መጣህ፣ ወንድሜ» አለኝ። ልስቅ ስል የሚስቴን ፊት አይቼ ዋጥኩት።

«እህቴ፣ ችግሩ ምንድን ነው?»

«የባሌ አባት ናቸው» አለች። «ክፉ ሆነው አይደለም። ግን ባሌ ሁሉን ነገር የሚማከረው ከሳቸው ጋር ነው። ማርገዜን እንኳ እኔ ራሴ ልነግራቸው ስጠብቅ ቀድሞ ነገራቸው። አሁንም ለብቻችን የምንከራየው ቤት አግኝቻለሁ፤ እሱ ግን አልወሰነም። ይቆምልኛል ስል፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሆነብኝ።»

ጅቡ ማን እንደሆነ ገብቶት ይሁን ሳይገባው እንጃ፣ አባቴ ጻፈው።

«አንተስ፣ ወንድሜ?»

«አባዬ፣ እኔ እኮ…»

«አባትህ እዚህ የለም።»

«አባቴ ብቻውን ይቀራል» አልኩ። ሰውን ፊት ለፊቱ ማማት ቀፈፈኝ።

አባቴ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ቤቱን ተከራዩ» አለ። «አባትየውን እኔ አነጋግራቸዋለሁ።» ጸልዮም ሸኘን።

በማግስቱ ከአምልኮ ተመልሰን ምሳ በላን። አባቴ ስለ ቤቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔ ደግሞ አባቴ የቱ እንደሆነ፣ የትናንቱ ይሁን የዛሬው፣ ጠፍቶኛል። ሚስቴ ወደ ክፍላችን ስትገባ አላስችል አለኝ።

«አባዬ፣ አማካሪው አነጋገረህ?»

«አነጋገረኝ።»

«ምን አልከው?»

«እምቢ አልኩት።» ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በጣቱ ሰበሰበ። «ከእናትህ በኋላ ብቻዬን ራት በልቼ አላውቅም፤ አልችልም አልኩት።»

እቀራለሁ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እሱስ ምን አለ?»

«ይሂዱ አለ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ደረቅ ሰው ነው። አንዴ ካለ አለ።»

ወደ ክፍላችን ገባሁ። ሚስቴ አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍታ ልብሶቼን ታጣጥፋለች፤ እንባዋ ሸሚዜ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ማታ ማታ ከማን ጋር ይበላሉ?»

«ታዲያ እንቅር?»

«አንቀርም» አለች፤ ማልቀሷንም ማጣጠፏንም ሳታቆም።