መርዶ ነጋሪው በጠላ ቤት

ወገዳ ከተማ በገበያዋ ቀን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሰክራለች የሚሉ አሉ። ወገዳን አያውቋትም። ሰው ገደል ወርዶ፣ አቀበት ወጥቶ፣ እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ሸምቶ ሲያበቃ ጉሮሮው ቢደርቅ ምን ይገርማል? ይጠጣል እንጂ። የሚጠጣው ደግሞ ከአህያ ተራው ጀርባ፣ ደጃፉ ላይ አጣና ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ከተደፋበት ቤት ነው። የተሾመች ጠላ ቤት ነው። ቢራ የሚሸጡ ባለ መስታወት ቤቶች መንገዱ ዳር ተደርድረዋል፤ ይደርደሩ። እዚያ ሰው ከጠርሙሱ ጋር ብቻውን ይቀመጣል። ተሾመች ቤት የገባ ግን ጉልበቱ የጎረቤቱን ጉልበት ሳይነካ መቀመጥ አይችልም፤ ወደደም ጠላም ይጫወታል።

ተሾመች ደንበኞቿን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ለቄስ ዘካርያስ የጠለለውን ትቀዳለች፤ ጉሽ ሆዳቸውን ይነፋቸዋል። ለክንዱ ጉሹን ትሰጠዋለች፤ ጉሮሮውን ካልከረከረው የጠጣ አይመስለውም። ጓዴ ሲመጣ ግን በመዳፏ ጠብ አድርጋ ራሷ ከቀመሰች በኋላ እንኳ ዘወር አትልም፤ ቆማ ፊቱን ታያለች። ጓዴ ለጠላ አፈ ክፉ ነው። ጌሾው በዛ፣ አሻሮው አረረ፣ ጋኑ በደንብ አልታጠነም ይላል፤ ክፋቱ ደግሞ ልክ ነው። ትሰድበዋለች፣ በሳምንቱ ታስተካክላለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲነታረኩ ኖረዋል።

በኅዳር ሁለተኛው ቅዳሜ ጠላው ኾምጥጦ ነበር። ተሾመችም አላጣችውም። ጓዴ ጣሳውን ተቀበለ፣ እስከ ግማሽ ጠጣና ጉልበቱ ላይ አስደገፈው።

«እህ?» አለችው።

«ጥሩ ነው።»

«ምላስህንም ከገብሱ ጋር ሸጥኸው እንዴ?» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ክንዱ። ክንዱ የጓዴ የእርሻ ጎረቤት ነው፤ ሰው ካልነካካ ቀኑ የማይመሽለት ዓይነት። ቤቱ ሳቀ። ጓዴም አብሮ ሳቀ። ጠላው ይኹምጥጥ ይጣፍጥ አያውቅም ነበር። ከሐሙስ ወዲህ የጎረሰው ሁሉ አፈር ነው፣ የጠጣው ሁሉ ውኃ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገብስ ሲያጭድ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ምስጋናው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል፤ የደወለው እዚያ የተዋወቀው የሥራ ጓደኛው ነው። ጓደኛው እየተጣደፈ ተናገረ። ወባ ነው አለ። ምስጋናውን ሦስት ቀን አተኮሰው፣ አራተኛው ላይ አልቻለም፣ ትናንት ቀበርነው አለ። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። ጓዴ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ማጭዱን አነሳ፣ የያዘውን እስከ ድንበሩ አጭዶ ጨረሰ። ተመልሶ ሌላውን ጀመረ። ማታ ሚስቱ ይታይሽ የታጨደውን አይታ «ዛሬስ ጎረምሳ ሆነህ ዋልህ» አለችው። እራቱን በላ፣ ተኛ። አላለቀሰም። ለምን እንዳላለቀሰ ራሱም አልገባውም፤ ደረቱን ሲዳስሰው የሌላ ሰው ደረት ይመስለው ነበር።

ጓዴ የአጥቢያው መርዶ ነጋሪ ነው። ማንም አልሾመውም፤ አንድ ጊዜ የጎረቤቱን መርዶ አሳምሮ ነገረና ሥራው በዚያው ተጣበቀበት። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለእሱ ይደርሳል። ነገሩ ሥርዓት አለው። መርዶ የሚነገረው ወገግ ሲል ነው፤ እመቤቲቱ እሳት ሳታነድ፣ ቤተሰቡ ወደየሥራው ሳይበተን። አንድ ቄስ፣ ሁለት ጉልበታም ወንድ፣ እናቲቱን ደግፋ የምትይዝ አንዲት ሴት ያስፈልጋል። እነዚህን ሰዎች ጓዴ ቅዳሜ ተሾመች ቤት ይመርጣል። የማን ቤት እንደሚሄዱ ግን አይነግራቸውም፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቤቱን የሚያውቁት ደጁ ላይ ሲቆሙ ነው።

ባል ደግሞ ለሚስቱ ለብቻው አያረዳም። እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም፤ ብትወድቅ ማን ያነሳታል፣ እሱስ ቢወድቅ? ስለዚህ ሁለት ሌሊት ከይታይሽ ጎን ተኝቶ ዝም አለ። ሁለቱንም ሌሊት እንደ ሌባ ነው የተኛው። ሌላም ነገር ነበር፣ ለሰው የማይናገረው፤ እሱም ራሱ ገና መርዶ አልተረዳም። ስልክ መርዶ አይደለም። ሰው ፊቱ ቆሞ አልነገረውም፣ ማንም ክንዱን አልያዘውም። ለስንቱ ቤት ያደረገውን ለእሱ የሚያደርግለት ሰው ፍለጋ ነው ዛሬ የመጣው። ሦስተኛ ጣሳውን ይዟል፣ አፉ ግን አልላቀቅ ብሎታል።

ከበሩ በኩል ቢሆነኝ የሚባለው ትከሻ ሰፊ ወጣት ተሾመችን ይመክራል። «ብቅሉን ቶሎ አውጥተሽዋል። እናቴ ሁለት ቀን ትጨምራለች።»

«ለቀባሪው አረዱት አሉ» አለ ክንዱ። «ተሾመች ስትጠምቅ አንተ ጡት አልጣልህም።»

ሳቁ እንደገና ዞረ። ጓዴ ጣሳውን አንስቶ ጠጣ። ባዶ ነበር፤ ባዶ መሆኑን ያወቀው ካስቀመጠው በኋላ ነው።

በዚህ መሃል በሩ ጨለመ፤ ይታይሽ ቆማበታለች። ምስሯን ሸጣ ጨርሳ፣ ጀርባዋ ላይ ቋጠሮ አዝላለች። ቄሱን ተሳለመች፣ ሌላውን እጅ ነሳች፣ ተሾመች የሰጠቻትን ጣሳ ቆማ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«ምነው ተሾመች፣ ይኸን ለጓዴ ሰጥተሽው ዝም አለሽ?»

«ጥሩ ነው አለኝ።»

«ታሟል ማለት ነው» አለች ይታይሽ፤ ወንዶቹ ሳቁ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ ቋጠሮውን ነካ ነካ አደረገችው። «ጥጥ አገኘሁ፣ ንጹሕ ነው። ለምስጋናው ጋቢ እፈትልለታለሁ፤ ለጥምቀት ሲመጣ ይደርሳል። እስቲ ደውልለት፣ ከተማው ኔትወርክ አለው። ሳምንቱን ሙሉ ድምጡን አልሰማሁም።»

«ባትሪው አልቋል።»

«አስሞላው እንጂ፣ ሰው ሁሉ እያስሞላ አይደል?»

«እሺ። አንቺ ከሴቶቹ ጋር ቅደሚ፤ አህያዋ ሳትደክም።»

አየችው። ደህና አድርጋ አየችው፤ ከዚያ የጠላው ነው ብላ ይመስላል፣ «አትቆይ» ብላ ሄደች። ጓዴ ጥጡ ከቋጠሮው ቀዳዳ ሲነጣ በሩ እስኪደብቀው ድረስ ተመለከተ። አሁን ማልቀስ የነበረበት ሰዓት ነው። አልመጣለትም። ብቻ፣ አንድ ሌሊት ተጨማሪ ዝም ቢል እሷ መፍተል እንደምትጀምር ገባው።

«ነገ ወገግ ሲል» አለ ጣሳውን እያየ፣ «ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ።»

 ይህቺን ቃል ተሾመች ቤት የማያውቃት የለም። ወንዶቹ አንገታቸውን ቀበሩ፤ እያንዳንዱ በሆዱ ሩቅ ያሉትን ልጆቹን፣ ወንድሞቹን ይቆጥራል። ጓዴ ስም መጥራት እስኪጀምር ድረስ የሚያልፈው ጊዜ በወገዳ ከሁሉ የሚረዝመው ነው። ምክንያቱም የተመረጠ ሰው ይድናል፤ ጓዴ ባለ ሐዘኑን ለመርዶ ጠርቶ አያውቅም።

«አባ ዘካርያስ፣ እርስዎ አሉበት። ቢሆነኝ፣ አንተም። ክንዱ።»

ክንዱ በረጅሙ ተነፈሰ። አዲስ አበባ ፎቅ ሥራ ላይ ሁለት ልጆች አሉት። ፊቱ ወዲያው በራ፣ አፈረበት፣ ግን ሊመልሰው አልቻለም። «ለሁሉም ቅጂ፣ በእኔ» አላት ተሾመችን። ጓዴ ጓደኛው ደስ ሲለው አየ። አልተቀየመውም። እሱም ቢሆን በክንዱ ቦታ ያስቀዳ ነበር።

«ነገ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት፣ አባ» አለ ጓዴ።

«አንተስ?» አሉ ቄስ ዘካርያስ።

«እኔ እቀመጣለሁ።»

ቄሱ ደክሞት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዚአብሔር ያጥናቸው፣ ማንም ይሁኑ» አሉ።

«ተሾመች፣ አንቺም ትመጫለሽ። ሴት ያስፈልጋል።»

ተሾመች ጆጓን እንደያዘች ቆመች። ጎንበስ ብላ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ «ጠላው እኮ ኾምጥጧል፣ አያ ጓዴ» አለችው።

«እንጃ» አላት።

 ከዚያ በኋላ ጣሳውን አልሞላችለትም፤ አጠገቡ ግን ሁለት ጊዜ መጥታ ያልቆሸሸ መደብ ጠረገች።

እሁድ ጠዋት ጓዴ ሲነሳ ይታይሽ ነቃች። እንዲህ ሲወጣ ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለችለት።

«የማን ቤት ነው?» አለች። ሁልጊዜ ትጠይቃለች፣ መልሶላት አያውቅም።

ጓዴ የበሩን መቀርቀሪያ ሳበ።

«እናት ካለች ቀስ ብላችሁ ንገሯት» አለች ከኋላው።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አራቱም ቆመው ይጠብቁት ነበር። ያለ ወሬ ተከተሉት። ቁልቁለቱን ወረዱ፣ ምንጩን ዞሩ፣ የክንዱን የገብስ ክምር አለፉ። ክንዱ ቤቱ ሲታለፍ ለሁለተኛ ጊዜ ተነፈሰ። ትንሽ እንደሄዱ ጓዴ የራሱን አጥር በር ይዞ ቆመ።

«ምን ረሳህ?» አለ ክንዱ።

«ቤቱ ይኸ ነው።»

ክንዱ ሊስቅ ቃጣው። ከዚያ የጓዴን ፊት አየና ዱላውን ጣለው። ተሾመች ብቻ አልደነገጠችም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የመጣችው።

«ምስጋናው ነው» አላቸው ጓዴ ለቄሱ። የእህል ዋጋ የሚናገር ይመስል ነበር። «ወባ ነው። ረቡዕ ተቀበረ። እኔ ልግባና ከእሷ ጋር ልቀመጥ፤ ጥቂት ቆይታችሁ ግቡ። እኔም አልተነገረኝም፣ አባ። ለሁለታችን ይንገሩን።»

ቄስ ዘካርያስ በመስቀላቸው ትከሻውን ነኩት።

ይታይሽ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ ጭራሮ ትሰብራለች። «ምነው ተመለስህ?»

«እሳቱን ተይው። ነይ ተቀመጪ።»

መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ እሷም ግራ ገብቷት አጠገቡ ተቀመጠች። በሩ ተከፈተና ቄሱ፣ ቢሆነኝ፣ ክንዱ፣ ተሾመች ተራ በተራ ገቡ። ማንም እንደምን አደራችሁ አላለም። ይታይሽ የቆሙትን አየች፣ የተቀመጠውን ባሏን አየች። ዘመኗን ሙሉ የመርዶ ነጋሪ ሚስት ሆና ኖራለች፤ የሚነግር ይቆማል፣ የሚነገረው ይቀመጣል። እስቴ ያለው የጓዴ ታላቅ ወንድም ዓመት ሙሉ ታሞ ተኝቷል። ነገሩ የገባት መሰላት፤ የሞተው እሱ ነው። አለቀሰች፣ ግን ለራሷ አልነበረም፤ ሁለት እጁን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«አይዞህ ጓዴ» አለችው። «አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ። ብዙ የተሠቃየ ሰው ነው፣ አረፈ በለው።»

እጇ ይሞቅ ነበር። ጓዴ ሙቀቱ ሲገባው ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ አገጩ፣ ከዚያ ትከሻው። እሷም ይበልጥ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ደረቷ ላይ አስጠግታ እንደ ሕፃን ታባብለው ጀመር። ቄስ ዘካርያስ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ።

«ልጄ ይታይሽ» አሉ።