አልጋ አሥራ ሁለት

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ በሽተኛ የሚባል የለም፤ ያለው ቁጥር ነው። በየአንሶላው ጥግ የአልጋው ቁጥር ተጽፏል፤ አጣቢዎቹም «ሰባት ደም ነክቶታል»፣ «አሥራ ሁለት ዛሬም አልቦታል» እየተባባሉ ጋሪውን ያራግፋሉ። ከአጣቢዎቹ አንዷ፣ የአንዲት ተማሪ እናት፣ በዚህ አነጋገር ዘጠኝ ዓመት ኖራለች።

አሁን ግን ሌላ ቋንቋ እንቅልፍ ነስቷታል። ዓርብ በጎልማሶች ትምህርት የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። ካለፈች ሰኞ ላይኛው ፎቅ፣ የሕሙማን ክፍል ረዳት ትሆናለች፤ ከወደቀች ደግሞ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። ወገቧ ዓመት የሚታገሥ አይመስልም።

ያስቸገራት አንድ ነገር ነው። እኛ «የመጣው» ስንል የመጣው ሰው ይሁን በሬ ወይም ዝናብ ግድ የለንም። እንግሊዝኛ ግን መሀል መንገድ ላይ አስቁሞ ይጠይቃል፤ ሰው ነው ወይስ ዕቃ? ለሰው «ሁ»፣ ለዕቃ «ዊች»።

«መታወቂያ ሳያይ አያሳልፍም በይኛ» አለቻት የሥራ ጓደኛዋ፣ ሁሉም «ሳሙና» የሚሏት። «እኔ አንቺን ብሆን በምልክት አወራ ነበር።»

ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ደብተሯን አረመችላት።

«እማዬ፣ ‹ሌሊቱን ሙሉ ሲያልበው ያደረው አሥራ ሁለት ዛሬ ደረቅ ነው› ለማለት ነው?»

«አዎ።»

«‹ዊች› አልሽበት እኮ።»

«አንሶላ ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

«አንሶላ ያልበዋል እንዴ?»

እናትየዋ መሳቅ ጀምራ መሀል ላይ ተወችው። የአሥራ ሁለት አንሶላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝናብ እንደመታው ሆኖ ሲወርድ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደረቅ ሲመጣ «ተመስገን፣ ቀለለን» ብላ ማሽኑ ውስጥ ወርውራዋለች። ፎቅ ላይ ትኩሳቱ የለቀቀው ሰው እንዳለ፣ ያንንም ወሬ ይዛ የቆመችው እሷ እንደነበረች፣ አልታሰባትም።

«ማን ይሆን?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ።»

በማግስቱ የንጹሑን አንሶላ ጋሪ ራሷ ገፍታ ወጣች። አጣቢ ከክፍሉ በር አያልፍም፤ በመስታወቱ ተመለከተች። አሥራ ሁለት ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው፣ ልጣጩ እንዳይበጠስባቸው ብርቱካን ይልጣሉ። ሰባትንም አየች፣ ዘጠኝንም፣ አሥራ አራትንም። ሁሉም ፊት አላቸው። ላባቸውን እንደ ዘመድ ታውቀዋለች፤ በመንገድ ቢያገኟት ግን አንዳቸውንም አትለይም። አልጋዎቹን በመስታወቱ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

ዓርብ የመጨረሻው ጥያቄ ስለ አንድ ሰው ጻፉ ይል ነበር። ሌሎቹን ጥያቄዎች በችኮላ አልፋ እሱ ላይ ቆየች። መምህሩ ወረቀቱን እዚያው ሲያርም ወደ መጨረሻው ደርሶ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እኚህ ብርቱካን የሚልጡት እናት ዘመድሽ ናቸው?»

«አይደሉም፣ መምህር። አንሶላቸውን ነው የማውቀው።»

መምህሩ መልሶ አነበበው፤ ለአሮጊቷ «ሁ» ብላለች። ከዚያ ከአሥሩ ሰባት ጻፈ፤ ማለፊያው ሰባት ነበር።

«ሰኞ ፎቅ ትወጫለሽ» አላት።

ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ አስገባችና ከበሩ ተመለሰች።

«መምህር፣ ገና ስገባ ስማቸውን ብጠይቃቸው ነውር ይሆናል?»

«ምን ነውር አለው?»

«አርባ አልጋ ነው እኮ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።