ከፏፏቴው ጀርባ

"ላላ አድርገው! ገና ነኝ!"

የሻው ከገደሉ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ። ከላይ ገመዱን ከወይራ ግንድ አዙሮ የያዘው የሥራ አጋሩ ደባሱ አላላለት። የዝንጀሮ ገደል ፏፏቴ ከጎኑ ያስገመግማል። ክረምቱ ወጥቶም ውኃው ገና አልቀጠነም፤ ፍንጣቂው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የሻው ግን ደስ ብሎት ነበር። ደስ ካለው ስንት ጊዜው!

ከነገ በስቲያ እንግዶች ይመጣሉ። የላከቻቸው አዲስ አበባ ያለች የአብስራ የምትባል የጉዞ አዘጋጅ ናት። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ካዩ በኋላ በገመድ ገደል መውረድ ይፈልጋሉ። ይህ ከተሳካ በየወሩ ሰው እልካለሁ ብላዋለች። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ ላሊበላ እንግዳ እንደ ድሮው አላየችም። ሆቴሎቹ ግማሾቹ በራቸውን ዘግተዋል፤ አስጎብኚዎቹም ያገኙትን ይሠራሉ። አራት ቋንቋ የሚናገረው የሻው ለሰው ቤት ግንብ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የከረመው። እና ዛሬ በገመድ ሲወርድ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ለዚያች አንዲት ጉዞ ነው፤ የት እንደሚያርፉ፣ የት ውኃ እንደሚጠጡ፣ የፈራው ሰው በየት በኩል እንደሚመለስ በልቡ ይይዛል።

ከውኃው ጀርባ ዋሻ መሳይ ጥግ አለ። እንግዶቹን እዚያ አሳርፎ ፎቶ ሊያስነሣቸው አስቧል። ጎንበስ ብሎ ገባ። መጀመሪያ ያየው ጫማ ነው። ጫማው ባዶ አልነበረም።

የሻው ጫማውን ያውቀዋል። የዘመኑ ነው። አብሮ አደጉ፣ የሥራ ባልደረባው ዘመኑ እግሩ ከልክ በላይ ትልቅ ስለነበር ከገበያ የሚሆነው ጫማ አጥቶ አንድ እንግዳ ከአገሩ የላከለት ነው። ሶሉ ሲከፈት ራሱ በመዳብ ሽቦ ሰፍቶት ጓደኞቹ ሲስቁበት ከርመዋል። ሽቦው አሁንም እንዳለ ነው። ከጫማው በላይ ያለው ውኃና ጊዜ ያስቀሩትን ያህል ነበር።

ጦርነቱ የመጣ ጊዜ የሰፈሩ ጎረምሶች እዚህ ገደል ውስጥ ተደብቀው ነበር። አንድ ቀን ተኩሱ ቀረበና ሁሉም በየፊናው ሮጠ። ዘመኑ አልተመለሰም። ተማርኮ ነው ያሉ አሉ፤ ሱዳን ገብቷል ያሉም አሉ። ለካ የትም አልሄደም።

የሻው ወደ ላይ ሲወጣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። ያየውን ለደባሱ ነገረው። ደባሱ ገመዱን እንደያዘ ቁጢጥ አለ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ጫማውን አላውቀውም?"

ደባሱ አማተበ። "በል ስማኝ" አለ። "ዛሬ ብንናገር ፖሊሱም፣ ቄሱም፣ አገሬውም እዚህ ነው የሚወርድ። የልጅቷ እንግዶች ሬሳ ወጣበት የተባለ ገደል ይወርዳሉ? መጥተው ይሂዱና ያን ጊዜ እንናገር። ይኸን ሁሉ ዓመት የቆየ ሰው ትንሽ ቀን ቢቆይ ምን ይላል?"

"እናቱስ?"

"እናቱም ይኸን ሁሉ ዓመት ቆይተዋል። ከነገሩ ጦም እደሩ፣ የሻው። ልጆች አሉህ።"

የሻው ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለ። ስልኩ ኔትወርክ ከሚይዝበት ጉብታ ሲደርሱ የአብስራ ደወለች።

"እንዴት ነው መንገዱ? ሰዎቹ ትንሽ ፈሪዎች ናቸው፤ ምንም ነገር እንዳይገጥማቸው።"

"መንገዱ ሰላም ነው" አለ የሻው። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

"ጎበዝ! እኔ አንተን ብዬ ነው።"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ነበር፤ ሆዱ ግን ገና ካሁኑ ይፈጀው ጀመር። የዘመኑ እናት ያንን መርዶ አንድ ጊዜ እንቢ ብለዋል። ሽማግሌዎች ማለዳ ቤታቸው ሄደው "ልጅዎ ሳያልፍ አልቀረም፣ እርምዎን ያውጡ" ሲሏቸው፣ "በዓይኑ ያየ ማነው?" ብለው ጠየቁ። ያየ አልነበረም። ዱላ አንሥተው አባረሯቸው። ከዚያ ወዲህ ለዘመኑ አልተለቀሰም፣ ፍትሐትም አልተደረገም።

ደባሱ በአቋራጭ ወደ ላሊበላ ሲሄድ፣ የሻው ለዕቃ መጫኛ አህያ ሊነጋገር ወደ ብልባላ ገበያ ወረደ። ከገበያው ዳር የዘመኑን እናት እማማ አሰለችን አገኛቸው። ሊሸሻቸው አስቦ ነበር፤ ቀድመው አዩት።

"የሻውዬ! እግዜር ነው ያመጣህ። አንተን ነበር የምፈልግ።"

"ደኅና ዋሉ እማማ?"

"ደኅና ነኝ። ዛሬስ በጣም ደኅና ነኝ።" ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። "ዘመኑን መተማ ያየው ሰው ተገኘ። ከሙጃ የመጣ ነጋዴ ነው። ረዥም፣ እግረ ትልቅ፣ የላስታ ልጅ፣ ጭነት የሚያወርድ አለ። እሱ አይደለም ትለኛለህ?"

መልሱን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

"ላሚቱን ሸጥኋት። ነገ ማለዳ እነሣለሁ። አንተ አገር ታውቃለህ፤ ከየት ተነሥቼ፣ በየት አልፌ፣ የት እንደማድር ንገረኝ። እኔ ከወልድያ ወዲያ አላውቅም።"

አሳፋሪው ነገር፣ የሻው ልማድ ሆኖበት በልቡ መንገዱን አስቦላቸው ነበር። በጋሸና፣ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከዚያ ወደ ቆላው። በየመንገዱ ሰው ይታገታል፣ መኪና ይቃጠላል። አሮጊቷ ላማቸውን በቋጠሮ ይዘው፣ ከፏፏቴው ጀርባ የተኛውን ልጃቸውን ፍለጋ ወደዚያ ሊሄዱ ነው። ደባሱ ያለው ትንሽ ቀን እማማ አሰለችን ሊበላ ነው።

እዚያው ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ግን መርዶ በገበያ ዳር፣ ደጋፊ በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም። ቢወድቁ ማን ያነሣቸዋል?

"እማማ፣ ብቻዎን አይነሡ" አለ። "ማለዳ እኔ ቤትዎ እመጣለሁ። ሳልመጣ እንዳይወጡ።"

ፊታቸው በራ። "ልትሸኘኝ?"

የሻው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እማማ አሰለች እጁን ያዙና ሳሙት፤ አንተም ወንድሜ፣ አንተም ልጄ እያሉ መረቁት። እሱም እጁን ከእጃቸው ነጠቀ። ከዚያ በኋላ ወደ አህያው ባለቤት አልሄደም፤ የእማማ አሰለች የነፍስ አባት ወደሆኑት አባ ኢያቄም ቤት ሄደ።

አባ ኢያቄም ከሰሙ በኋላ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ሰው እሰበስባለሁ" አሉ። "ወጉ ሽማግሌ ነው የሚናገር። አንተ ከኋላ ቁም።"

"ሽማግሌውን ያባርራሉ፣ አባቴ። ያየሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ልናገር።"

ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ካስመዘገበ በኋላ የአብስራ ጋ ደወለ። መንገዱ ሰላም ነው ያለው ውሸት መሆኑን ነገራት። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ አዘነች፣ "ነፍስ ይማር" አለች። ከዚያ ትንፋሿ ከበደ።

"የሻው፣ እኔ እንግዲህ ወደ ሌላ ቦታ ልወስዳቸው ነው። ለሚቀጥለውም... እንዲያው ምን ብዬ እሸጠዋለሁ?"

"ገባኝ" አላት። ገብቶትም ነበር። በየወሩ የሚመጣ ሰው የለም።

ሚስቱ ሰብሌ ስትሰማ ጭብጦ የያዘች እጇን እንደዘረጋች ቀረች። "ታዲያ እኛስ?" አለች። ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። የሻው ለማን እንዳለቀሰች አልጠየቃትም።

ሊነጋጋ ሲል ከአባ ኢያቄምና ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ወጣ። ደባሱም መጣ፤ ቀና ብሎ አላየውም፣ ግን መጣ። ሴቶቹ ድምፃቸውን አጥፍተው ከአጥሩ ጀርባ ቆሙ። የሻው ብቻውን ወደ በሩ ተራመደ።

በሩ ሳያንኳኳ ተከፈተ። እማማ አሰለች ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ራሳቸውን በንጹሕ ሻሽ አስረው ነበር የሚጠብቁት። በሶውን ለሁለት ሰው ነው ያዘጋጁት።

"መጣህ ልጄ? መንገዱ ሩቅ ነው፤ እንሂድ።"

የሻው ከጀርባቸው ዞረ። የስንቁን ቋጠሮ ፈታና አውርዶ ከደጃፉ ውስጥ አስቀመጠው።

"ይቀመጡ፣ እማማ" አለ።