በእርሳስ የተጻፈው ዓምድ

ካርታው ላይ ጤና ጣቢያው ያለበት የገበያው መንደር እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቷል። የጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ “ካርታ” የሚላት ወጣት ኮምፒውተሯን ዘግታ ስልኳን አነሳች። የሦስት ጤና ጣቢያዎችን የወባ ቁጥር ማንም ከፍቶ በሚያየው አንድ ካርታ ላይ ለማስፈር ስድስት ወር ተንከራትታለች። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ያንን ካርታ አምኖ መኪና ሊያስነሳ ነው።

“የገበያው መንደር ነው” አለቻት የፀረ ወባ ርጭት ቡድኑን መሪ።

“እርግጠኛ ነሽ? በእጄ ያለው መድኃኒት ለአንድ መንደር ብቻ ነው። ሌላው የሚመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ስንቱ ይታመማል።”

“መቶ በመቶ!”

“እሺ እህቴ። አምስት ሰዓት ላይ እንነሳለን።”

ስልኩን ስትዘጋ ከላብራቶሪው ክፍል ሳቅ ሰማች። “አንዲት ጠብታ ብቻ!” እያሉ ሠላሳ ዓመት የሰው ጣት ሲወጉ የኖሩት፣ ስማቸውም በዚያው ጋሼ ጠብታ ሆኖ የቀረው የላብራቶሪ ባለሙያ ናቸው። ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ አላነሱም።

“ምን ያስቃል ጋሼ?”

“እስቲ በዚህ መንደር ውሃ ያቆረ አንድ ጉድጓድ አሳዪኝ። ቢንቢዋ ገበያ ልትሸምት ነው የምትመጣው?”

“አድራሻቸውን የሰጡት እኮ ታካሚዎቹ ራሳቸው ናቸው።”

“ይሰጣሉዋ! አምና የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ከሌላ መንደር የመጣውን ሁሉ ‘ወደ ጣቢያህ ሂድ’ እያለች ስትመልስ ከረመች። ይኸው ዛሬ አገሩ በሙሉ የዚህ መንደር ተወላጅ ሆነልሽ።”

ካርታ ክው አለች። ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ተኩል።

“ታዲያ ከየት ነው የሚመጡት?”

ጋሼ ጠብታ ከቁም ሣጥናቸው አንድ ወፍራም መዝገብ አወጡ። ጣት ሲወጉ “በየት በኩል መጣህ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ መልስ የሚያስብ ሰው መርፌውን አያይማ። መልሱን ደግሞ ከመስመሩ ጠርዝ በእርሳስ ይጽፉታል፦ ወፍጮ፣ ድልድይ፣ ጡብ። ሰባት ወር፣ አንድም ቀን ሳይዘሉ።

“ጋሼ! ይሄን ይዘው ዝም አሉ?”

“ማን ጠየቀኝ? ቅጻችሁ ላይ ቦታ የለውም።”

እጇን ስትሰድ መዳፋቸውን መዝገቡ ላይ አሳረፉ። “ሰብሰብ በይ! አንድ ተመራማሪ ሁለት መዝገብ ከኔ ተውሶ ሄደ። መዝገቦቼ በዚያው ቀሩ። በኋላ ሳይ የሱ ፎቶ ያለበት መጽሐፍ ወጥቷል፤ የኔ ስም ለምልክት እንኳ የለበትም።”

ስለ መረጃ መጋራት በየአዳራሹ የምታሰማው ንግግር ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

“መዝገቡ ከዚህ ክፍል አይወጣም። እርስዎ ያንብቡ፣ እኔ ልጻፍ። የታካሚ ስም አይገባም፤ መንገዱና ቁጥሩ ብቻ። ከሥሩ የዚህ ላብራቶሪ ስም ይሰፍራል። ስሕተት ካለም ከስልክዎ ሆነው ያርሙታል።”

“የሌሎቹን ጣቢያዎችም?”

“የሌሎቹንም። ማን እንዳረመው ግን ለሁሉም ይታያል።”

“ይታይ!” አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ማንበብ ጀመሩ። ጡብ፣ ጡብ፣ ድልድይ፣ ጡብ። በመሃል ታካሚ ይገባል፣ ጣት ይወጋል፣ ይወጣል። ካርታ ጣቶቿ እስኪዝሉ ጻፈች።

“ቀስ በይ ልጄ፣ ማሽኑንም ትኩሳት እንዳይይዘው።”

አምስት ሰዓት ከአሥር ሲሆን ቅላቱ ከገበያው መንደር ለቆ ወንዙ ዳር ጡብ ሠሪዎቹ ሰፈር ላይ ተቀመጠ። ጭቃ የተቆፈረበት ጉድጓድ ሁሉ ውሃ የሚያቁረው እዚያ ነው። ስልኳን ላፍ አድርጋ ደወለች።

“ቁሙ! ተሳስቻለሁ። ጡብ ሰፈር ነው።”

“ምን አልሽ? ድገሚው፣ ሾፌሩ አልሰማም።”

“ተሳስቻለሁ!”

መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። “መቶ በመቶ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?”

“ካርታውን ክፈቺና እዪው፤ ሰዎቹ የመጡበት መንገድ አሁን ገብቷል። ደግሞ ፍጠኑ!”

መሪዋ ከፍታ አየች። “አንተ፣ አዙር!” ስትል ተሰማ።

ካርታ ስልኩን ዘጋች። ጋሼ ጠብታ በበኩላቸው ስልካቸው ላይ አቀርቅረው የሌላ ጣቢያ ቁጥር እያረሙ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ፤ የጎረቤት ጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ ድምፅ እስከ በረንዳው ይሰማል።

“ቁጥሬ ውስጥ እጁን ያስገባው ማነው?”

“እኔ ነኝ! አሥራ ሁለት ነፍሰ ጡር ወንዶች መዝግበሃል። ልሰርዛቸው ወይስ ታዋልዳቸዋለህ?”

“አንተ ሽማግሌ! ደግሞ ይሄን የመንገድ ነገር አንተ የፈጠርከው አስመሰልከው። እኔም እኮ እጽፋለሁ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ግን ለማንም አላሳይም!”

ካርታ ኮምፒውተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። “ጋሼ፣ ስልኩን እንዳይዘጉበት፤ እሱ ጣቢያ እስክደርስ ያጨቃጭቁልኝ” ብላ የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ወጣች።