ማኅተሙን ፈርሞ የተረከበው በር ጠባቂ

ነገሩ የጀመረው ነሐስ ቀራጩ መዝገብ ቤት ድረስ መጥቶ «ስንተኛ ብዬ ልቅረጽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። አዲሷ ከንቲባ ሰኞ ሥራ ልትጀምር ነው፤ ስንተኛ ከንቲባ እንደሆነች የሚናገር የነሐስ ሰሌዳ ቢሮዋ በር ላይ ይለጠፋል። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

«ኮሪደሩ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች መቁጠር አቃተህ?» አልኩት። በዚህ መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሰው አፍንጫው ሥር ያለውን ነገር ሲጠይቀኝ ደሜ ይፈላል።

«ቆጠርኩ እንጂ! ሃያ ሁለት ናቸው። እሷ ሃያ ሦስተኛ ናት ማለት ነው። ግን ነሐስ በላጲስ አይጠፋም እኮ፤ አንቺ ካላረጋገጥሽልኝ መዶሻዬን አላነሳም።»

እውነቱን ነው። እነዚያን ፎቶዎች እንደ ዘመዶቼ ነው የማውቃቸው። የመጀመሪያው ከንቲባ ሥራው የገበያውን ሚዛን መጠበቅና የውሃ ጉድጓድ ማስጠረግ ብቻ ነበር፤ ቢሮ እንኳን ስላልነበረው ሚዛኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ይውላል። አራተኛው መንገዶቹን ሁሉ በዘመዶቹ ስም ሰይሞ፣ ዘመድ ሲያልቅበት በሚስቱ ዘመዶች ቀጠለ። ሰባተኛው ሪህ ይዞት ሁለት ዓመት ሙሉ ከተማውን አልጋ ላይ ተኝቶ ነው ያስተዳደረው፤ ባለጉዳይ ሁሉ ጫማውን አውልቆ መኝታ ቤቱ ይገባ ነበር አሉ።

ቁጥሩ ግን ከፎቶ አይወሰድም። እኛ ቤት ሰው ከንቲባ የሚሆነው በንግግርም በፎቶም አይደለም፤ የከተማውን ማኅተም ሲረከብ በሚፈርማት አንዲት ወረቀት ነው። የጥንቱ ደንብ እስከ ዛሬ አልተሻረም፦ «ማኅተሙን እንዲሠራበት በፊርማ የተረከበ፣ እስኪያስረክብ ድረስ ከንቲባ ነው።» ስለዚህ የከንቲባዎቹን የርክክብ ማኅደር አወረድኩና አቧራውን እፍ ብዬ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ።

እስከ ዘጠነኛው ድረስ ሰላም ነው። አንዱ አስረከበ፣ ሌላው ተረከበ። ዘጠነኛው ያስረከበበት ወረቀት ግን የለም። አሥረኛው ደግሞ «ማኅተሙን ከበር ጠባቂው እጅ ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈርሟል። በመካከሉ አሥራ አንድ ቀን ጎድሏል።

የበር ጠባቂውን ታሪክ አውቀዋለሁ፤ ሕንፃው ውስጥ የማያውቀው የለም። ዘጠነኛው ከንቲባ ከምክር ቤቱ ጋር ተጣልቶ በጓሮ በር እግሬ አውጪኝ ሲል በር ጠባቂው ማኅተሙን ሰርቆ አሥራ አንድ ቀን ተገለገለበት፤ ሁለት ዓመት ታሰረ፤ ሲፈታም ሥራ የሚሰጠው ጠፍቶ በድህነት ሞተ። የሚወራው ይኸው ነው። ሴት ልጁንም አውቃቸዋለሁ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በየዓመቱ ማመልከቻ ይዘው መስኮቴ ላይ ይቆማሉ። «አባቴ ፈርሜ ነው የተረከብኩት ይል ነበር፤ ወረቀቱን ፈልጊልኝ» ይላሉ። መጀመሪያ የመጡት እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። ያኔ ይህንኑ ማኅደር ገልብጬ አጣሁት፤ «የለም» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ግን ማኅደሩን ከፍቼ አላውቅም። በየዓመቱ «እትዬ፣ የለም አልኩ እኮ! ወረቀት አልወልድ!» እያልኩ ስመልሳቸው ኖርኩ። አምና መስኮቱን ፊታቸው ላይ ዘግቼዋለሁ።

ሐሙስ ማታ ቤቴ ገብቼም ነገሩ አልለቅ አለኝ። ሌባ የሰረቀውን ነገር በር ላይ ቆሞ ለባለሥልጣን ያስረክባል እንዴ? ሌባ ቢሆን ማኅተሙን ወንዝ ይጥለው ነበር። ደግሞስ ያ ሰው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምን ላይ ነው የመታው?

ዓርብ ጠዋት ኮቴንም ሳላወልቅ የጓሮው መጋዘን ገባሁ። የጥበቃ ሠራተኞች የተረኛ ደብተሮች እዚያ ናቸው፤ ማንም አይነካቸውም። የዚያን ዓመቱን ደብተር ለማግኘት እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀብኝ። የበር ጠባቂው ጽሕፈት ትልቅና ጎባጣ ነው።

«ማክሰኞ። ከንቲባው በጓሮ በር ወጡ። ማኅተሙን ሰጡኝ። ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ። ከምክር ቤቱ ማንም አልመጣም። ጸጥታ ነው።»

«ረቡዕ። ሰው የሞተባቸው የመቅበሪያ ፈቃድ ጠየቁ። ከንቲባ የለም ብላቸው ሬሳ ከንቲባ አይጠብቅም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መታሁላቸው።»

«ዓርብ። የውሃ ሠራተኞች መንገድ ለመቆፈር ፈቃድ ፈለጉ። ስለ ቧንቧ አላውቅም፤ አብሬ ሄጄ አየሁ። ውሃው በከንቱ ይፈሳል። መታሁ።»

«እሑድ። አንድ ባለጸጋ የገበያውን መሬት በስሙ እንዳደርግለት በግ እየጎተተ መጣ። በጉን በሰላም፣ እሱን በውሻ ሸኘሁ።»

ብቻዬን መጋዘን ውስጥ ቆሜ ሳቅሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? ይህ ሰውዬ በጉን እንኳን አልበላም! አሥራ አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ማኅተም፣ እያንዳንዱ ለማንና ለምን እንደተመታ ተጽፏል። ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀሉት ስንቶቹ እንዲህ ያለ ደብተር ትተው ሄዱ?

የመጨረሻውን ገጽ ስገልጥ አንድ ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀት ወደቀ። ወፍራሙ የከንቲባ ጽሕፈት ቤት ወረቀት ነው። «የከተማውን ማኅተም፣ ተተኪ እስኪመጣ ድረስ እንዲሠራበት፣ ለበር ጠባቂው አስረክቤያለሁ።» ከሥሩ የዘጠነኛው ከንቲባ ፊርማ፣ ከጎኑ ያ ጎባጣ ጽሕፈት።

እንዲሠራበት ይላል! ደንቡ ውስጥ ያለችው ቃል ራሷ! ሰውዬው አልሰረቀም። ሰውዬው አሥረኛው ከንቲባ ነበር። የርክክብ ወረቀት ደግሞ ከማኅተሙ ጋር አብሮ ወደ ቀጣዩ ከንቲባ ማኅደር ይገባል፤ እንግዲህ አሥረኛው ብለን የሰቀልነው ሰው ወረቀቱን የራሱ ማኅደር ውስጥ አስቀምጦ ነው በር ጠባቂውን «ወረቀትህን አምጣ» እያለ የከሰሰው።

ግን ማኅደሩ ውስጥ ከነበረ እዚህ ምን አመጣው? «የቱ ደንቆሮ ነው እዚህ የወረወረው!» ብዬ ጮህኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «የበር ጠባቂ ርክክብ ነው፤ በስህተት ከከንቲባዎች ማኅደር ገብቶ ስለተገኘ ወደ ቦታው ተመልሷል።» ቀን አለው። ፊርማ አለው። ፊርማው የኔ ነው።

የደብተር ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ትዝ አለኝ። አዲስ ሠራተኛ ሆኜ፣ ሥራ ወዳድነቴን ለማሳየት ማኅደሩን ሁሉ ሳስተካክል፣ «በር ጠባቂ» የሚል ቃል አየሁና ከከንቲባ ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ አነሳሁት። ከላይ ያለውን እንኳን አላነበብኩም፤ በዚያ ሰሞን ካነሳኋቸው ብዙ ወረቀቶች አንዱ ስለነበር ወዲያው ረሳሁት።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አብሮኝ ያረጀ ሰው ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «ጉድ ነው» አለ። «ለሴትዮዋ ደብዳቤ ይጻፍላቸው። ሰነዱ በቅርቡ በተደረገ ፍለጋ ተገኘ በይና ጨርሺው። ስለ እርሳሱ ማን ይጠይቅሻል? ጡረታሽ ደጅ ላይ ቆሞ ራስሽን አታዋርጂ።»

ምክሩ የወዳጅ ነው፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዳለኝም ጻፍኩት። ከዚያ መልሼ አነበብኩት። ያ ሰው የበጉን ነገር ሳይቀር ጽፎ ትቷል፤ እኔ ደግሞ ልደብቅ? ቀድጄ ጣልኩትና እንደገና ጻፍኩ፦ «ሰነዱ በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስህተት ከቦታው ተነሥቶ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይገኝ ቆይቷል።»

ሰኞ ከንቲባዋ ማኅተሙን ተረክባ ከፈረመች በኋላ ደብዳቤውን ከነደብተሩ አቀረብኩላት። የልጄ እኩያ ናት። ደብተሩ ውስጥ ውሻው ጋ ስትደርስ ከት ብላ ሳቀች፤ የደብዳቤውን የመጨረሻ መስመር ስታነብ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

«ይህቺ ሠራተኛ ማናት?»

«እኔ ነኝ፣ ክብርት ከንቲባ።»

ማኅተሙን አነሳችና ደብዳቤው ላይ መታችው። ቁጥሩን በተመለከተ ምክር ቤቱ ይወስን ተባለ፤ ነሐስ ቀራጩ ሰሌዳውን ያለ ቁጥር ሰቅሎ እየተነጫነጨ ሄደ፤ ምክር ቤቱ እስከ ዛሬ አልወሰነም።

የበር ጠባቂው ልጅ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ከነበሩኝ ማመልከቻዎች ላይ አድራሻውን አግኝቼ ሄድኩ። በር ሲከፍቱልኝ በድምፄ አወቁኝ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ያንን እንኳን በመስኮቴ ሳያቸው ልብ ብዬው አላውቅም።

«ምነው፣ አንቺ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥተሽ የለም ልትዪኝ ነው?»

«ተገኘ፣ እትዬ።»

ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሌባ አይደለም ይላል?»

«ማኅተሙን በሕግ ተረክቦ፣ በታማኝነት ሠርቶበት፣ በሕግ አስረክቧል ይላል። እንዲያውም አሥራ አንድ ቀን ከንቲባ ነበሩ።»

«ከንቲባነቱን ተዪው» አሉ። «ፈርሟል ወይ?»

«ፈርመዋል።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የቀረችው የመጨረሻዋ መስመር ናት። ካላነበብኩት ማንም አያነብላቸውም፤ ዓይናቸው አያይም፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አነበብኩት። ከዚያም «ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኩ።

«መቼ?»

«መጀመሪያ ከመምጣትዎ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ።»

«ያን ቀን የላከችኝ እናቴ ነበረች» አሉ። «እስክመለስ ድረስ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የለም አሉኝ ስላት፣ እንግዲያው አባትሽ ዋሽቶኛል አለችና ወደ ውስጥ ገባች። እንደዚያ እንዳመነች ሞተች።»

እንባዬ መጣ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱብኝ።

«አሁን አትናገሪ» አሉኝ። «እንደገና አንብቢልኝ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ።»

አነበብኩላቸው። የኔ ጥፋት ያለበት መስመር ላይ ስደርስም አልዘለልኩትም።