የእንግዳው መቁረጫ

መከላከያ የሌለው ርካሹ የድንች መቁረጫ አውራ ጣቷን ሁለት ጊዜ በላት። ልብስ ሰፊዋ «ሰፍቼ የማድረው በጣቴ ነው፤ በቃኝ!» ብላ የጣት መከላከያ ያለውን ውዱን ገዛች። አማቷ ግን ገና ከካርቶኑ ሲወጣ «ይኼማ ለእንግዳ ነው» ብለው ቡፌው ውስጥ ቆለፉበት።

ዛሬ ስትሰፋ ውላ ወገቧ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስትገባ፣ የባሏ እህት ለጥየቃ መጥታ ጠበቀቻት። እራት ለመሥራት ጓዳ ስትገባም «ቆይ ላግዝሽ» ብላ ተከተለቻት። ይኼኔ አማትየው ተነሥተው ቡፌውን ከፈቱና ውዱን ለልጃቸው ሰጧት።

«እንግዳ አይደለች? እጇን ቢቆርጣትስ?»

ልብስ ሰፊዋ በፕላስተር የተጠቀለለ አውራ ጣቷን አየት አድርጋ ርካሹን ከመሳቢያ አወጣች።

«እኔስ እዚህ ቤት እንግዳ የምሆነው መቼ ነው?» አለችው፣ ድንቹን።